የሰሌዳ የሥራ ማስታወሻ፦ ክላሶችን ማዋሃድ

ሰሌዳ በፓይተን የምጽፈው አነስተኛ የቴምፕሌት (የድረ-ገጽ አብነት) ቋንቋ ነው። ድረ-ገጽ መሥራት ለሚጀምሩ ተማሪዎች ስለሆነ ታጎቹ በአማርኛ ይጻፋሉ፤ ኮምፓይለሩ (ቴምፕሌቱን ወደ ኤችቲኤምኤል የሚቀይረው ፕሮግራም) «ሳጥን»ን ወደ ዲቭ፣ «አዝራር»ን ወደ በተን ይመልሳል። የክላስ ስሞች (ሲኤስኤስ ታጉን የሚለይባቸው መጠሪያዎች) ግን እንደተጻፉ ያልፋሉ። የገጹን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ በስም ውስጥ የግዕዝ ፊደልን ስለሚቀበል «.ካርድ» የሚል ደንብ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ በብራውዘር ይሠራል። ጽሑፉን የሚተነትነው ፓርሰር፣ ድግግሞሹና ሁኔታው አልቀዋል። የቀረው ክላስ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ታግ ክላሱን ከአራት ቦታ ሊያገኝ ይችላል፦ በነጥብ ከሚጻፈው አጭር አጻጻፍ፣ በቅንፍ ውስጥ ካለው አትሪቢዩት (የታጉ መግለጫ)፣ ከተለዋዋጭ፣ እንዲሁም ኮምፖነንቱን (በሌላ ፋይል ተጠርቶ የሚገባውን የገጽ ክፍል) ከጠራው ፋይል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲመጡ ገጹ ላይ የሚወጣው ምን ይሁን?

ሳጥን.ካርድ.ሰፊ(ክላስ="ደማቅ" ክላስ=ሁኔታ)

ደረጃ 1፦ እንደመጣ ማውጣት

የመጀመሪያው ኮምፓይለር ምንም አያዋህድም ነበር፤ ሁለት የክላስ አትሪቢዩት ሲያገኝ ሁለቱንም ይጽፋል። ይህ የማያዋጣ መሆኑን ለማየት ብዙ አልፈጀም። በኤችቲኤምኤል ደንብ መሠረት አንድ ታግ ላይ ተመሳሳይ አትሪቢዩት ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ብራውዘሩ የመጀመሪያውን ይይዛል፣ የቀረውን ይጥላል። ስሕተትነቱ በደንቡ ላይ ተመዝግቧል፤ ገጹ ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይከፈታል። ተማሪው «ደማቅ» ብሎ ጽፏል፣ ቀለሙ አልመጣም፣ የሲኤስኤስ ፋይሉን ሲፈትሽ ይውላል። ችግሩ ያለው ግን ሲኤስኤሱ ጋር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ኮምፓይለሩ ስሕተት ብሎ ይቁም፣ ወይ ራሱ ያዋህድ። ለሌሎች አትሪቢዩቶች መቆሙን መረጥሁ። ሁለት የሊንክ አድራሻ የጻፈ ሰው የትኛውን እንደፈለገ መገመት የኮምፓይለር ሥራ አይደለም። ክላስ ግን ከመጀመሪያውም ብዙ ስም እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ሁለት ጊዜ መጻፉ እርስ በርሱ አይቃረንም።

ደረጃ 2፦ በክፍተት ማያያዝ

ቀላሉ መንገድ የመጡትን ጽሑፎች በክፍተት ማያያዝ ነው። አንድ መስመር ኮድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎችም አለፉ። የተማሪዎች ቴምፕሌት ሲገባበት ግን ውጤቱ ይህን መምሰል ጀመረ፦

ክላስ="ካርድ ሰፊ ካርድ ኖን"

«ካርድ» ሁለት ጊዜ የመጣው አንዴ በነጥብ፣ አንዴ ከዝርዝር ስለገባ ነው። ይህ ገጹን አያበላሽም። በስም ዝርዝር ላይ አንድን ሰው ሁለት ጊዜ መጻፍ ሰውየውን ሁለት እንደማያደርገው ሁሉ፣ ብራውዘሩም የተደጋገመን ስም እንደ አንድ ነው የሚቆጥረው። «ኖን» ግን የፓይተን ባዶ ዋጋ ወደ ጽሑፍ ተቀይሮ የገባ ነው። ሁኔታው ሳይሟላ ሲቀር ተለዋዋጩ ባዶ ይሆናል፣ ባዶው ቃል ሆኖ ገጹ ላይ ይጻፋል። ከዚያ የባሰው ዜሮ ነው። አንድ ቴምፕሌት የመልእክቶችን ብዛት ከ«አዲስ-አለ» ጋር በ«እና» አያይዞ ነበር፤ ብዛቱ ዜሮ ሲሆን ፓይተን የሚመልሰው ራሱን ዜሮውን ስለሆነ «0» የሚባል ክላስ ተወለደ።

እዚህ ላይ ምን ዓይነት ዋጋ ክላስ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ መወሰን ነበረብኝ። ጽሑፍ፣ የጽሑፍ ዝርዝር፣ እና ስምን ከእውነት ወይም ሐሰት ጋር የሚያጣምር መዝገብ ይፈቀዳሉ። ባዶ ዋጋና ሐሰት ዝም ተብለው ይታለፋሉ። ቁጥር፣ ዜሮም ቢሆን፣ እና ብቻውን የቆመ «እውነት» ስሕተት ናቸው፤ ኮምፓይለሩ የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ይቆማል። ዜሮን እንደ ሐሰት ቆጥሮ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን ዛሬ ዜሮ የሆነው ብዛት ነገ 3 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «3» የሚባል ክላስ ሊወጣ ነው። ዛሬውኑ መቆሙ ይሻላል።

ሌሎቹ ቋንቋዎች ምን ያደርጋሉ?

ከመቀጠሌ በፊት ነባሮቹን የቴምፕሌት ቋንቋዎች አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሃምል በነጥብ የተጻፈውንና በአትሪቢዩት የመጣውን ያዋህዳል፣ ዝርዝሩን ይዘረጋል፣ ባዶውን ይጥላል፤ ከዚያም ስሞቹን በፊደል ተራ ይደረድራል። ስሊም የትኛው አትሪቢዩት በምን ምልክት እንደሚያያዝ በማዋቀሪያ ላይ ይተወዋል፤ ካልነኩት ክላስ በክፍተት ይያያዛል። ቀድሞ ጄድ ይባል የነበረው ፐግ የተደጋገመ አትሪቢዩትን አይቀበልም፣ ክላስን ግን ለይቶ ይፈቅዳል። የላራቬሉ ብሌድ ኮምፖነንት ላይ ክላስን ይጨምራል፤ ሌላውን አትሪቢዩት ግን ጠሪው የላከው ይተካዋል። ቪው ቋሚውንና ተለዋዋጩን ክላስ ያዋህዳል፤ ከውጭ የተላከውንም በኮምፖነንቱ ዋና ታግ ላይ ይጨምራል።

ሁሉም ክላስን ከሌሎች አትሪቢዩቶች ለይተው ማየታቸው አበረታታኝ። የሚለያዩት በቅደም ተከተልና በኮምፖነንት ላይ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ እነዚሁ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ስብስብ

ኤችቲኤምኤል ክላስን የሚገልጸው በክፍተት የተለያዩ ስሞች ስብስብ አድርጎ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ከጽሑፍ ማያያዙን ትቼ ስሞቹን አንድ በአንድ ወደ ስብስብ ማስገባት ጀመርሁ። ፓይተን ለዚህ የተዘጋጀ ዓይነት አለው፤ መደጋገሙም ወዲያው ጠፋ።

ሌላ ነገር ግን ብቅ አለ። አንዱን ቴምፕሌት ደጋግሜ ሳስኬድ አንዴ «ካርድ ሰፊ ደማቅ»፣ አንዴ «ደማቅ ካርድ ሰፊ» ይወጣል። ከፓይተን 3.3 ጀምሮ የጽሑፍ ሃሽ (ፓይተን ከጽሑፉ የሚያሰላው ቁጥር) ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በዘፈቀደ ይቀየራል፤ ለደኅንነት ተብሎ የተደረገ ነው። በዚህ ምክንያት የስብስቡ ቅደም ተከተል ከአንዱ ሩጫ ወደ ሌላው ይለያያል። ለብራውዘሩ ለውጥ የለውም። የገጹን ቅጂ ለሚያስቀምጥ ሰርቨር፣ የቀድሞውን ውጤት ከአዲሱ ጋር ለሚያነጻጽር ሙከራ፣ ለውጡን በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ) ለሚያይ ሰው ግን ምንም ሳይነካ ፋይሉ ሁሉ የተለወጠ ይመስላል።

እንደ ሃምል በፊደል ተራ መደርደር አንዱ መፍትሔ ነበር፤ ውጤቱ ቋሚ ይሆናል። አልወሰድሁትም። ሲኤስኤስ የአትሪቢዩቱን ጽሑፍ ከመነሻው ጀምሮ የሚያዛምድ ሰሌክተር (ደንቡ የሚነካውን ታግ መምረጫ) አለው፤ «ክላሱ በአዶ- የሚጀምር» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህ ሰሌክተር የመጀመሪያውን ስም ነው የሚያየው። «.አዶ-ቤት.ንቁ» ብሎ የጻፈ ሰው ስሞቹ በፊደል ተራ ሲደረደሩበት «ንቁ» ቀድሞ ይወጣል፣ ደንቡም መሥራት ያቆማል፤ በግዕዝ ፊደል ተራ «ነ» ከ«አ» ይቀድማልና። አጻጻፉ ለስሕተት የተጋለጠ ነው፤ እኔም ለተማሪ አልመክረውም፤ ነገር ግን የተፈቀደ ነው፣ ቴምፕሌቱም ሊሰብረው አይገባም።

ስለዚህ የገባው ደንብ፦ መጀመሪያ የታየበት ቦታ ይጠበቃል፣ የኋላ ድግግሞሹ ይጣላል። በፓይተን ከ3.7 ጀምሮ መዝገብ የገባበትን ቅደም ተከተል እንዲጠብቅ በቋንቋው ዋስትና ስላለው ኮዱ አጭር ሆነ፤ ስሞቹን የመዝገብ ቁልፍ አድርጎ ቁልፎቹን ማውጣት ብቻ ነው። ቦታውም የታወቀ ነው፤ በነጥብ የተጻፈው ይቀድማል፣ ቀጥሎ አትሪቢዩቱ፣ ከጠሪ የመጣው መጨረሻ።

ስብስቡ ባዶ ከሆነ አትሪቢዩቱ ጭራሹኑ አይጻፍም።

ክፍተት የቱ ነው?

ይህ ክፍል ትንሽ ይመስል ነበር። ስሞቹን ለመለየት የፓይተንን መደበኛ መክፈያ ተጠቀምሁ፤ በክፍተት ይቆርጣል። ከዚያ አንድ ቴምፕሌት ላይ ሰሌዳ ሁለት ክላስ ሲቆጥር ብራውዘሩ አንድ ብቻ ቆጠረ። ስሞቹ ከጽሑፍ ማቀናበሪያ የተገለበጡ ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት መስመር የማይሰብረው ዓይነት፣ በዩኒኮድ 00A0 ተብሎ የሚጻፈው ነው። ፓይተን እሱንም ክፍተት ይለዋል። ኤችቲኤምኤል ግን ክላስን የሚከፍለው በአምስት ብቻ ነው፦ ተራው ክፍተት፣ ታብ፣ አዲስ መስመር፣ ወደ መስመር መጀመሪያ መመለሻው እና የገጽ መቁረጫው። ከእነዚህ ውጭ ያለ ሁሉ የስሙ አካል ነው።

ኮዱን አምስቱን ብቻ እንዲያውቅ አስተካከልሁት። ሌላው ዓይነት ክፍተት በስም ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ሆን ብሎ የሚጽፈው ሰው የለምና።

ሁለት ነጥብም እዚሁ ይገባል። «ካርድ፡ደማቅ» ብሎ የጻፈ ተማሪ አለ፤ ቃል ለመለየት ሁለት ነጥብ መጠቀም በአማርኛ ነባር ልማድ ስለሆነ አያስገርምም። ዩኒኮድ ይህን ምልክት በ1361 ቁጥር ይዞታል፤ የመደበውም ከሥርዓተ ነጥብ ጋር እንጂ ከክፍተት ጋር አይደለም። ለፓይተንም ለብራውዘርም «ካርድ፡ደማቅ» አንድ ስም ነው። ሰሌዳ እንደ መክፈያ ይቁጠረው ብዬ ጥቂት አሰብሁ፤ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚመች ነገር ነው። ነገር ግን ያው ተማሪ ነገ በጃቫስክሪፕት ክላስ ሲጨምር ብራውዘሩ እንዲህ አይረዳለትም። አንድ ጽሑፍ በሁለት ቦታ ሁለት ትርጉም ከሚኖረው ኮምፓይለሩ «እዚህ ክፍተት ተጠቀም» ብሎ ቢነግረው ይሻለዋል።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት

«ፀሐይ» እና «ጸሐይ»፣ «ዓመት» እና «አመት»። አንዱ በቴምፕሌት፣ ሌላው በሲኤስኤስ ፋይል ውስጥ ተጻፈ፤ ደንቡ አልሠራም። ለአንባቢ አንድ ቃል ነው፣ ለብራውዘሩ ሌላ ሌላ ነው። «ሀ» 1200፣ «ሐ» 1210፣ «ኀ» 1280 ተብለው በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ ዩኒኮድ ራሱ የሚሠራው የማስተካከያ ስልትም እነዚህን አንድ አያደርግም። አንድ የሚያደርጋቸው የእኛ አነባበብ ነው።

ሲዋሃዱ ወደ አንድ ሆሄ ልመልሳቸው? አይሆንም። ቴምፕሌቱ «ጸ»ን ወደ «ፀ» ከቀየረ በ«ጸ» የጻፈው የሲኤስኤስ ደንብ ይሰበራል፤ ደንቡን ደግሞ ሰሌዳ አያነበውም። ስለዚህ ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ፤ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ከነእርባታቸው። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ በእነዚህ ብቻ የሚለያዩ ሁለት የክላስ ስሞች ሲገኙ ሁለቱም ቦታዎች ከነመስመራቸው ይነገራሉ። ስሞቹ ግን አይነኩም። ከሠራሁት ሁሉ ተማሪዎቹን በብዛት የረዳው ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከተዘጋጁ የቴምፕሌት ቋንቋዎች ሊመጣልን የማይችልም ነው።

ኢስኬፕ፣ በአጭሩ

መጀመሪያ ይዋሃድ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ኢስኬፕ ይደረግ፤ ማለትም ልዩ ምልክቶች በኤችቲኤምኤል ኮድ ይተኩ። እያንዳንዱ ክፍል በየቦታው ኢስኬፕ ተደርጎ ከመጣ በኋላ ሲዋሃድ «&» ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ስሙ ይበላሻል። ቴይልዊንድ የተባለውን የተዘጋጀ የክላስ ስብስብ የሚጠቀም ሰው በስም ውስጥ «&»፣ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ (:)፣ እዝባርና ነጥብ ያገኛል። ነጥብ ያለበት ስም በአጭሩ አጻጻፍ ሊጻፍ አይችልም፤ ነጥቡ አዲስ ክላስ ይጀምራልና። ማምለጫ ምልክት ልጨምር ብዬ ተውሁት፤ እንዲህ ያለ ስም በቅንፍ ይጻፍ።

ደረጃ 4፦ ኮምፖነንት

ከባዱ ይኸው ነው።

ኮምፖነንት ላኪ
  አዝራር.አዝራር.ሰማያዊ

ጠሪው «+ላኪ.ሰፊ» ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ «ሰፊ» የት ይግባ የሚለው ነበር። ቪው እንደሚያደርገው በዋናው ታግ ላይ በራሱ እንዲገባ አደረግሁ። አንድ ዋና ታግ እስካለ ድረስ ጥሩ ነው። ኮምፖነንቱ መለያ ጽሑፍና የጽሑፍ ሳጥን ጎን ለጎን ሲያወጣ ግን ዋናው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ቦታውን «@ቀሪ» ብሎ ያመልክት ተባለ። ምልክት በሌለው ኮምፖነንት ላይ ክላስ የላከ ጠሪ ስሕተት ይደርሰዋል። አንድ ቃል ተጨማሪ መጻፍ ይጠይቃል፤ በምላሹ ኮምፖነንቱን ያነበበ ሁሉ የውጭው ክላስ የት እንደሚያርፍ ያያል።

ቀጥሎ የመጣው ግጭት ነው። ጠሪው «+ላኪ.ቀይ» ይላል። ውጤቱ፦

ክላስ="አዝራር ሰማያዊ ቀይ"

አዝራሩ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። አብራኝ የምትሠራው ዲዛይነር «የኋለኛው ያሸንፍ ብትለው ምን ይጎድላል?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰውም ይጠብቀዋል። ነገር ግን በክላስ አትሪቢዩት ውስጥ ኋላ መጻፍ ለሲኤስኤስ ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ደንቦች እኩል ክብደት ሲኖራቸው የሚያሸንፈው በሲኤስኤስ ፋይሉ ውስጥ ኋላ የተጻፈው ነው። «ቀይ» ከ«ሰማያዊ» በላይ ከተጻፈ፣ ቴምፕሌቱ ውስጥ የትም ብናስቀምጠው ይሸነፋል።

እንግዲህ «የኋለኛው ያሸንፍ» ለማለት ሰሌዳ «ሰማያዊ»ን ከዝርዝሩ ማውጣት አለበት። ለማውጣት ደግሞ ሁለቱ የሚጋጩ መሆናቸውን ማወቅ አለበት። ለቴይልዊንድ ይህን የሚያደርግ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አለ፤ የሚችለው ግን የቴይልዊንድ ስሞች አስቀድሞ የታወቁ ስለሆኑ ነው። ተማሪ በራሱ የሰየመው «ቀይ» የጽሑፍ ቀለም ይሁን የዳር መስመር፣ ከ«ሰማያዊ» ጋር ይጋጭ አይጋጭ፣ ከስሙ አይታወቅም።

ጠሪው ራሱ ይወስን ብዬ ሁለት ምልክቶች ሞከርሁ። «ክላስ-=» ስም ይቀንሳል፣ «ክላስ:=» ሁሉንም ይተካል። ሁለቱም ሠሩ፤ ሁለቱንም አወጣኋቸው። መተኪያው የኮምፖነንቱን ቀለም ሲያነሣ ቅጹን የሚልከው ጃቫስክሪፕት የሚፈልገውን «ቅጽ-ላክ» የሚባል ክላስም አብሮ አነሣ፤ አዝራሩ አምሮ ወጣ፣ ሲጫኑት ግን ዝም አለ። መቀነሻው ደግሞ ጠሪው በኮምፖነንቱ ሆድ ውስጥ ያሉትን ስሞች እንዲያውቅ ያስገድዳል። ጸሐፊው ነገ «ሰማያዊ»ን «ዋና-ቀለም» ብሎ ቢሰይመው የጠሪዎቹ ሁሉ ቅነሳ በጸጥታ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ የሰሌዳ ደንብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ፦ ማዋሃድ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መዝገብ ውስጥ «ደማቅ፦ ሐሰት» ማለትም «አትጨምር» ነው፤ በነጥብ የተጻፈ «ደማቅ» ካለ ይቆያል። «.ካርድ» በመስመሩ ላይ ያየ ሰው ሌላ ፋይል ሳይከፍት ገጹ ላይ እንደሚኖር እርግጠኛ መሆን አለበት። ይህን እርግጠኝነት ለምንም ምቾት አልሸጠውም።

ለቀለሙ መፍትሔው ሌላ ነው። ኮምፖነንቱ የሚለወጠውን ነገር በስም ይጠይቅ።

ኮምፖነንት ላኪ(ቀለም="ሰማያዊ")
  አዝራር.አዝራር.ቅጽ-ላክ(ክላስ=ቀለም) @ቀሪ

ጠሪው «+ላኪ(ቀለም="ቀይ").ሰፊ» ይላል፤ «ሰማያዊ» ገና ከመነሻው አይገባም፣ የሚቀነስም ነገር የለም። ዋጋው ጸሐፊው ምን ሊለወጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰቡ ነው። ይህ ሥራ መጨመሩን ዲዛይነሯም ነግራኛለች፣ እውነቷን ነው። ለቀረው ሲኤስኤስ ራሱ መሣሪያ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች የካስኬድ ንብርብር (ደንቦችን በማሸነፍ ተራ የሚመድብ) ይቀበላሉ። የኮምፖነንት ደንቦችን በታችኛው፣ የጠሪውን በላይኛው ንብርብር ያስቀመጠ ሰው በፋይሉ ውስጥ የትኛው ኋላ እንደተጻፈ መጨነቅ አይኖርበትም። የማሸነፍ ጉዳይ የሚፈረድበት ቦታም እዚያው ነው።

ፍጥነት

በነጥብና በቋሚ ጽሑፍ የመጡት በኮምፓይል ጊዜ ይዋሃዳሉ፤ ገጹ ሲወጣ የተዘጋጀ ጽሑፍ ነው የሚጻፈው። ተለዋዋጭ ያለበት ታግ ብቻ በሩጫ ጊዜ ይሠራል፤ እሱም ቋሚው ክፍል ተከፍሎና ተጣርቶ ይጠብቀዋል። በረጅም ሠንጠረዥ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ በአነስተኛ ገጽ ላይ አይታወቅም።

ከክላስ ውጭ ያሉት

አይዲ፣ የአንድ ታግ ብቸኛ መለያ፣ አይዋሃድም። ሃምል ሁለት አይዲዎችን በታች ሰረዝ አያይዞ አንድ ያደርጋል፤ ሰሌዳ ላይ ሁለት አይዲ ስሕተት ነው። ተያይዞ የሚወጣውን ስም በቴምፕሌቱ ውስጥ ማንም አልጻፈውም፤ በፍለጋ ሊያገኘው የሚሞክር ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሊንክን ዝምድና የሚናገረው «ሬል» እንደ ክላስ የስሞች ስብስብ ስለሆነ ያው ኮድ ሠራለት። ስታይል ግን ስብስብ አይደለም፤ እዚያ በእርግጥ የኋለኛው ያሸንፋል። ስለዚህ በሴሚኮለን (;) ይያያዛል፣ ድግግሞሹም አይጣራም።

የቀረው ለስክሪን አንባቢ ስም የሚሰጠው የኤሪያ አትሪቢዩት ነው። በክፍተት የተለያዩ አይዲዎች ይይዛል፤ አንባቢው ጽሑፎቹን የሚያነበው አይዲዎቹ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው። የአሁኑ ደንብ የጠሪውን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ለአንድ ቅጽ «ስልክ ቁጥር» ከ«የአሳዳጊ» ቀድሞ ተነበበ፤ መሆን የነበረበት «የአሳዳጊ ስልክ ቁጥር» ነው። ቅደም ተከተሉ ትርጉም ያለውን አትሪቢዩት ቋንቋው በግምት ሊያዋህደው አይችልም። ሁለት ቦታ ሲጻፍ እንዲቆም አድርጌዋለሁ፤ ጠሪው ሙሉውን በተራው ይጻፈው። የዚህ ሙከራ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ ገብቷል።